ውሻን «ያዝ» ከማለት አስቀድሞ «ተው» ማስተማር



በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ማጀትና ስለ ጓዳ መነጋገር የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ከማዕድ ስለማይቀመጥና ደመወዝ ስለማይቈረጥለት፥ ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ በደጃችን ዘብ ቆሞ ስለሚያድረው ስለ ውሻ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ነገር ግን ቀላል ከሚመስለው ከዚህ ነገር ተነሥቶ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲጣላ፥ ሕፃን ሲነከስ፥ የድኻም ንብረት ሲጠፋ ስላየሁ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ሌሊት የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። በሆለታና በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪና በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ፥ እስከ ባኮም ድረስ፥ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት የሚሰማው የውሻ ጩኸት ነው። በማሕሌት ግራ ሲያነሣ ቀኝ እንደሚቀበል ሁሉ፥ የላይ ሠፈር ውሻ ሲያነሣ የታች ሠፈር ውሻ ይቀበላል። ልዩነቱ መዘምራኑ የሚሉትን ማወቃቸው ነው፤ ውሾቻችን ስለ ምን እንደሚጮኹ ግን ጠይቀን የተረዳን ጥቂቶች ነን።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። መጮኹ ለጌታው ያለው ታማኝነት ምልክት ነውና ይህ የሚነቀፍ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስም ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ሰነፎቹን ጠባቂዎች ሲወቅስ መጮኽ ከማይችሉ ዲዳ ውሾች ጋር ያመሳስላቸዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 11 ደግሞ እስራኤል ከግብፅ ሊወጡ ሲሉ ውሻ እንኳ ምላሱን እንዳያንቀሳቅስባቸው ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። በአንደኛው ስፍራ ዝምታው ነውር ሆነ፤ በሁለተኛው ስፍራ ዝምታው የሰላም ምልክት ሆነ። ከዚህም የምንማረው ለመልካም ውሻ መጮኽ በጊዜው፥ ዝም ማለትም በጊዜው መሆኑን ነው። ይህን ጊዜ የሚለየውም ውሻው ብቻውን ሳይሆን ከጌታው ጋር ሲማር ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ተነሥቼ ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ከተማ፥ ከሑሉቃ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሠፈር ስኖር፥ አንድ ቡችላ አሳደግሁ። ኀይለኛ እንዲሆንልኝ ብዬ ቀን ቀን በሰንሰለት አስሬ በጨለማ ጎጆ አኖርሁት፤ ሰው እንዳይለምድም ልጆቼ እንዳይጠጉት ከለከልሁ። መንገደኛ በደጅ ባለፈ ቍጥር «ያዝ!» እያልሁ አደፋፈርሁት። ባደገም ጊዜ እንደ ተመኘሁት ሆነልኝ። የገበያተኛ አህያ ቢያልፍ ይጮኻል፤ ነፋስ ቆርቆሮ ቢያንኳኳ ይጮኻል፤ ጨረቃ ብትወጣ ይጮኻል።

በጓሮ በኩል፥ በአንድ አጥር ውስጥ፥ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ኑሯቸው በአንዲት አህያ ላይ የቆመ ነበር፤ በርሷ የሰውን እህል ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ እያመላለሱ በሚያገኙት ኪራይ ይተዳደሩ ነበር። አንድ ቀን ከደጃፌ ቆመው «ልጄ፥ ውሻህ እንቅልፍ ነሣኝ፤ እባክህ አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ። እኔም «እማማ፥ ካልጮኸማ ምኑን ውሻ ሆነ? እርስዎንም ጭምር እኮ ነው የሚጠብቅልዎ» ብዬ መለስሁላቸው። ይህን መልሴን ባስታወስሁት ቍጥር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ውሻው ሌሊት ሲፈታ፥ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ነውና፥ አጥሩን ሥር ለሥር እየማሰ ቀዳዳ አበጀ። እኔም እሾህ ጣል አድርጌበት ተውሁት። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በትግራይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፥ በዐቢይ ጾም ከብት መታረዱ ስለሚቀንስና ትርፍራፊ ስለማይገኝ ጅብ አህያ ማደንን እንደሚያበዛ አሳይቷል። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ሌሊት የውሻው ጩኸት ከሌላው ጊዜ ይልቅ በረታ። ድምፁም ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሲጮኽ የሰለቸ ጆሮ ምን ይለያል? ተነሥቼ ሰደብሁት፤ በድንጋይ መታሁት፤ ጎትቼም እንጨት በምናስቀምጥበት ቤት ዘጋሁበትና ተመልሼ ተኛሁ። ሲነጋ የቀሰቀሰኝ የአሮጊቷ ልቅሶ ነው። ጅብ በቀዳዳው ገብቶ አህያዪቱን ገድሏት ነበር።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በዚያን ዕለት ጧት ግን በዓይኔ አየሁት። አሮጊቷ ግን ይህን ምሳሌ አልተረቱብኝም። «መጮኹንስ ጮኾ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚጮኽ ባይሆን እወጣ ነበር» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ ሽማግሎች ተቀምጠው የአህያዪቱን ዋጋ እንድከፍል ወሰኑብኝ፤ እኔም ያለ ክርክር ከፈልሁ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ የሌላውን ሰው የጎረቤት ጠብ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው የራሴን ጥፋት ሳላነብ መቅረቴ ከገንዘቡ ይልቅ አሳዘነኝ።

ከዚህም በኋላ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርሁ። የመጀመሪያው የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፤ እኛ ውሻን «ያዝ» ማለትን እናውቃለን፤ ስንሰለች «ክላ» ብለን ማባረርንም እናውቃለን። «ተው» ብለን ማስተማርን ግን አልለመድንም። ተው ያልተማረ ውሻም በፍርድ ሳይሆን በፍርሃትና በልማድ ይጮኻል።

ጩኸት የውሻ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው፥ እንግዳ ሰው ወይም አውሬ ሲቀርብ የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። ሁለተኛው፥ ብቻውን ታስሮ ሲቀር የሚያሰማው የብቸኝነት ጩኸት ነው። ሦስተኛው፥ ሥራ ያጣ ጕልበት የሚወልደው ጩኸት ነው። አራተኛው ደግሞ የልመና ጩኸት ነው፤ ሲጮኽ ዝም እንዲል ብለን አጥንት የጣልንለት ውሻ፥ መጮኽ አጥንት እንደሚያስገኝ ተምሯልና ነገ ይልቁን አብዝቶ ይጮኻል። ስለዚህ ውሻቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች አስቀድመው ለአንድ ሳምንት ያህል ጩኸቱን በወረቀት ቢመዘግቡ መልካም ነው፤ በስንት ሰዓት ጮኸ? ማን አልፎ ነበር? ተፈትቶ ነበርን ወይስ ታስሮ? ከጮኸ በኋላ ምን አገኘ? እኔ ይህን ባደረግሁ ጊዜ የውሻዬ ጩኸት የሚበዛው ሌባ በሚመጣበት ሰዓት ሳይሆን፥ ልጆቼ ከቤት ወጥተው እርሱ ብቻውን በሚቀርበት ሰዓት መሆኑን አገኘሁ።

ውሻ እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው፥ ውሾቹ ምግቡ ሳይቀርብላቸው የመምጣቱን ምልክት በሰሙ ጊዜ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። ውሻ ሁለት ነገር ተከታትሎ ሲመጣ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ምስጋናውም ሆነ ሽልማቱ ከመልካሙ ሥራ ጋር በአንድ ቅጽበት ሊደርስ ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት፥ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ዱላ፥ ስለ ምን እንደ ሆነ ውሻው ሊያውቀው አይችልም።

የማስተማሩ ሥርዐት እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ የቃል አንድነት ይኑር። በአምቦና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ማዕድ ላይ ይነገራሉ። አባት «ቁጭ በል» ሲል፥ እናት «ታኢ» ስትል፥ ሠራተኛው ደግሞ ሌላ ቃል ሲያመጣ ውሻው ከማን ይማር? ከሁለቱ ቋንቋ የትኛውም ይሁን፤ ቤተ ሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ።

ሁለተኛ፥ ውሻው በጮኸ ጊዜ ከሩቅ አትጩኹበት። እርሱ የእናንተን ቃል አይለይምና፥ ጌታዬም አብሮኝ ጮኸ ብሎ ይበረታል። ቀርባችሁ ወደሚያየው ነገር ተመልከቱ፤ ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ አንድ ጊዜ «ተው» በሉት፤ ወዲያው የዳቦ ቍራሽ ከአፍንጫው አጠገብ አቅርቡ። ውሻ ሲያሸት ጩኸቱን ያቋርጣል። ዝም ባለ ጊዜ እስከ ሦስት ቍጠሩና ቍራሹን ስጡት፤ አመስግኑት፤ ደባብሱት። ሲለምድ እስከ ዐሥር፥ ቀጥሎም እስከ ሠላሳ ቍጠሩ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቍራሹን አልፎ አልፎ ብቻ መስጠት ይበቃል። በጾም ወራት አጥንት ከቤት ስለማይገኝ ትምህርቱ መቋረጥ የለበትም፤ የዳቦ ቍራሽ ለዚህ በቂ ነው።

ሦስተኛ፥ ዱላን አርቁ። በዱላ ዝም ያሰኙት ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ሳያጕረመርም የሚነክስ ውሻ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። አንዳንድ ሰዎች ለኀይለኛነት ይበጃል ብለው ለቡችላ በርበሬ ያበላሉ፤ ጆሮውንም ይቈርጣሉ፤ ይህ ሥቃይ እንጂ ትምህርት አይደለም።

አራተኛ፥ ቡችላን በጊዜው ከሰው ጋር አለማምዱ። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ወይም ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ሁሉ የዓለም ሥርዐት አድርጎ ይቀበለዋል። በዚህ ጊዜ ሕፃናትን፥ አሮጊቶችን፥ ጃንጥላ የያዘውን ቄስ፥ አህያና መኪና በሰላም ያየ ውሻ፥ ካደገ በኋላ እንግዳውን ከጠላት ይለያል። ይህ ዘመን ያለፈበትም ውሻ ቢሆን ይማራል፤ ትዕግሥቱ ግን ይበዛል። የእኔው ውሻ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ተምሯል።

አምስተኛ፥ ጕልበቱን በሥራ አውሉለት። በዚህ ረገድ የእንግሊዞች ብልኀት ሊጠቀስ የሚገባው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በለንደን ከተማ ክራፍትስ በተባለው ታላቅ የውሾች ትርኢት ላይ፥ በመካከል ባለው የዕረፍት ሰዓት ተመልካቹን ለማስደሰት ሲባል፥ ጆን ቫርሊና ፒተር ሚንዌል የተባሉ ሰዎች ከፈረስ ዝላይ ምሳሌ ወስደው ውሾችን በመሰናክል ላይ አዘለሉ። ሕዝቡም እጅግ ወደደው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ውድድር የሚደረግበት የቅልጥፍና ጨዋታ ሆኗል። ውሻው አጣና ይዘላል፤ በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዘ ይሮጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጌታውን እጅና ድምፅ ይከተላል እንጂ በገመድ አይጎተትም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ፈረሱን ለጕግስ ያሠለጠነ አገር፥ እንስሳ በእጅና በድምፅ እንደሚገራ የሚነግረው አያስፈልገውም። በግቢያችን ውስጥ በሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ አጣና ለዝላይ ይበቃል፤ ሁለት አፉ የተከፈተ አሮጌ በርሜል ዋሻ ይሆናል፤ በመሥመር የተተከሉ ስድስት ዘንጎች መጠማዘዣ ይሆናሉ። ማታ ፀሐይ ሳትገባ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። ነገር ግን ዓመት ያልሞላውን ቡችላ ከፍ ያለ ነገር ማዘለል አጥንቱን ይጎዳዋልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጆቼ ይህን ጨዋታ ከያዙ በኋላ የውሻው የሌሊት ጩኸት በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ የደከመ ውሻ እንደ ደከመ ሠራተኛ በሌሊቱ ያርፋልና።

ስለ ሕጉም ጥቂት ቃል ልጨምር። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225፥ ባለ ንብረት በንብረቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጢስ፥ ጥላሸት፥ መጥፎ ሽታ ወይም ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ በዚህም የአገሩ ልማድ ይታያል። በቍጥር 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፥ በድንገት አምልጦትም እንኳ ቢሆን፥ አላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሆኖም ሕጉ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ካሣን ያስከፍላል እንጂ፥ ጎረቤት ያጣውን እንቅልፍና የጠፋውን ፍቅር አይመልስም። ስለዚህ ጎረቤት አቤት ሲል «ሕግ ፊት እንገናኝ» ከማለት ይልቅ ወንበር አቅርቦ መስማት ይሻላል።

ከሁሉም የበለጠው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ማዳን ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ ወር 1885 አንድ በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ መንገዱ ታውቋል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ይድናል ብሎ አይቈይ። በከተሞች የሚንከራተቱትን ውሾች በመርዝ መግደል በብዙ ስፍራ ተሞክሯል፤ በሽታውን የሚያቆመው ግን ከውሾች መካከል 70 ከመቶ ያህሉን መከተብ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ድጋሚውንም በየጊዜው የእንስሳት ሐኪም በሚነግራችሁ መሠረት አታቋርጡ። በ1939 ዓ. ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የእንስሳት ሕክምናን ያስተምራልና፥ በዚህ አውራጃ ምክር የሚሰጥ ባለ ሙያ የራቀ አይደለም። በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፤ ይጎረንናል። የውሻውን ድምፅ የሚያውቅ ባለቤት ይህን ከማንም አስቀድሞ ይሰማዋል፤ ጩኸቱን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚሰማ ግን አይለየውም።

ያን ውሻ አልሸጥሁትም፤ አላባረርሁትምም፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረምና። ሰንሰለቱን አወለቅሁለት፤ አጥሩን በድንጋይ አስጠገንሁ፤ ከልጆቼ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ «ተው»ን አስተማርነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በዐቢይ ጾም አንድ ሌሊት ጮኸ። ከመስኮት «ተው» አልሁት፤ ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶ እንደ ገና ጮኸ፤ ሁለተኛ ባልሁት ጊዜ ወደ እኔ ተመልክቶ ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰና አልተወም። ባትሪ መብራት ይዤ ወጣሁ። አሮጊቷም ነጠላቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ይዘው ከአዲሲቱ አህያ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። መብራቱን ወደ አጥሩ ማዶ ባበራሁ ጊዜ ሁለት ዓይኖች አብረቀረቁና ወደ ወንዙ በኩል ጠፉ።

«እማማ፥ ደግሞ እንቅልፍ ነሣዎት» አልኋቸው።

«የለም ልጄ» አሉኝ፤ «ዛሬስ እውነቱን ነው ብዬ ወጣሁ።»